አርጌን ሰባ አራት ኪሎ የሆነበት ቀን

ውድ ወንድሜ ኩባት፣

የላክኸው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ልጄ ቤርሜት ስልኩን ከፍታልኝ መጀመሪያ ቆሜ ሰማሁት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ሳቅህ ዛሬም ያው ነው። ከኋላህ የምታሰለጥናቸው ልጆች የትግል ምንጣፉ ላይ ዱብ ዱብ ሲሉ ይሰማል። «ጁማጉል እህቴ፣ ያ ጉደኛ ልጅሽ አሁን በስንት ኪሎ ነው የሚታገለው? ስሙን በየውድድሩ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ወይስ ሚስት አግብቶ ተደብቋል?» ብለሃል።

በስልክ ልመልስልህ ሞክሬ ነበር። «ደህና ነው» ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ። የጎረቤታችን የአይጃማል ልጅ ለሥራ ወደ ኢስታንቡል ልትሄድ ነውና ይህን ጽፌ እሰጣታለሁ። ባለቤቴ ሳማት እንደምጽፍልህ ያውቃል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብራችሁ ስለተማራችሁ እሱ ቢጽፍልህ ይሻል ነበር። «አንቺ ንገሪው፣ እኔ አልችልም» ብሎ በጎችን ይዞ ወጣ።

አርጌን አይታገልም፤ መታገል ከተወ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

አሰልጣኙ አንተ ወደ ቱርክ ስትሄድ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በሃምሳ አምስት ኪሎ የታላስ ክፍለ ሀገር ቁጥር አንድ። አውቶቡሱ ሲነሳ እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ተከትሎህ እንደሮጠ ታስታውሳለህ። በረዶው ቀልጦ ቦሎቄ መዝራት ስንጀምር እንቅልፍ ተወ። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ሳይነጋ ተነስቶ ወንዝ ዳር ይሮጣል፣ ተመልሶ በረቱን ይጠርጋል፣ እኔ ሳልነሳ ሻይ ያፈላል። ሳማት «ኩባት ሰው አድርጎልን ሄደ» ይል ነበር።

ከዚያ ወሬው አላባራ አለ። ሲበላ ያወራል፣ ሲታጠብ ያወራል፣ ከፈረሱ ጋር ያወራል። አንድ ቀን ሜዳሊያዎቹን በሙሉ ይዞ ገበያ ወጣና ድንች የሚሸጡት ሴቶች አንገት ላይ ያጠልቅላቸው ጀመር። «እናቶቼ፣ ዛሬ የዓለም ሻምፒዮን እናንተ ናችሁ!» ይላቸዋል። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ሳቅኩ። ማታ ግን የኦትሞክን ተራራ በእጁ ገፍቶ የቢሽኬክን መንገድ እንደሚያሳጥር ነገረን፤ ዓይኑን ሳየው የሚቀልድ ሰው ዓይን አልነበረም። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ አለቃውን ካላነጋገርኩ አለ። አራት ሰው ነው ተረባርቦ የያዘው። ያስተማርከውን ሁሉ ተጠቅሞባቸዋል፤ አንዱ ፖሊስ ኋላ ላይ «እናቱ፣ ልጅሽ ታሞም ቢሆን አያያዙ ንጹሕ ነው» አለኝ።

ሳማት «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ቁርአን ወደምትቀራ ሴት ወሰደው። ሴትየዋ ልጁን ዓይታ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት» አለችን። አላህ ይስጣት። ቢሽኬክ ወሰድነው፤ አስተኙት። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ሊቲየም የሚባለው ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚለውን ስሜት ያረጋጋል። ሌላኛው ያስተኛዋል። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ወጣ። ሲወጣ ልጄ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ በእህቱ ላይ የሚያሾፍ፣ የኔው አርጌን። ከደስታዬ ብዛት ሆስፒታሉ በር ላይ የማላውቃትን ዘበኛ አቀፍኳት።

ረሃቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ልጆች ሲርባቸው ታውቃለህ። ይህ ግን የምታውቀው ዓይነት ረሃብ አይደለም። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ሳይቀዘቅዝ ብቻውን ይጨርሳል፤ ከዚያ እጁን እያየ ይቀመጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ የደበቅኩትን መርመላታ አግኝቶ በጣቱ ጠርጎ በላው። «ልጄ፣ አሁን እኮ በላህ» ስለው «እማ፣ ሆዴ ሞልቷል፤ አፌ ግን አያውቅም» አለኝ። የሳማት አጎት የሙት ዓመት ድግስ ላይ አንድ ሽማግሌ ሥጋ እያቀበሉት «ሳማት፣ ልጅህ እኮ ማጨጃ ማሽን ሆነ!» አሉ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አርጌንም አብሮ ሳቀ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ ቤት እስክንደርስ አላነሳውም።

በዓመቱ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሆነ። ሱሪዎቹን አስፍቼ አስፍቼ በመጨረሻ የሳማትን ሰጠሁት። ወደ ትግል አዳራሹ ተመልሶ ሲሄድ የድሮ ጓደኞቹ በር ላይ ጠበቁት።

«አርጌን፣ ፈረስህ የት ሄደ? በላኸው እንዴ?»

«ከነኮርቻው» አላቸው።

እየሳቀ ነው የነገረኝ። ከዚያ ግን ቦርሳውን አልጋ ሥር ከቶ መሄድ ተወ። ለሰው «የእንቅርት በሽታ ነው፣ እሱ ነው የሚያወፍረው» ብለን አውርተን ነበር። ለአዲሱ አሰልጣኝም፣ ለትምህርት ቤቱም ያልነው ይህንኑ ነው። ስለ ጭንቅላት በሽታ እዚህ እንዴት እንደሚወራ ታውቃለህ። ቤርሜትም ነገ የምትዳር ልጅ ናት።

ለመጀመሪያው ሐኪም ክብደቱን ስነግረው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እናቴ፣ ከማበድ መወፈር ይሻላል» አለኝ። አርጌን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወጥተን ደረጃው ላይ «ልተወው ነው መድኃኒቱን» አለኝ። ብለምነው፣ ብቆጣው አልሰማ አለ። ቤት ስንደርስ ዳቦ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «እጅህን ጫንና ማልልኝ» አልኩት። በመጨረሻ እጁን ዳቦው ላይ ጭኖ «አንዲት ቀን አላቋርጥም» አለ። ይህን ልብ በልልኝ ኩባት፤ ልጄ ቃሉን ጠብቋል።

ከዚያ ሌላ ሐኪም አገኘን፣ ቺናራ የምትባል። ወጣት ናት፤ ሚዛኑ ላይ ስታወጣው ቁጥሩን ጮክ ብላ አላነበበችም። ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አድርጋ «ከወፈርክ ወዲህ ምን ቀረብህ?» አለችው። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«ትግል» አላት።

«ረሃቡስ ሲመጣ እንዴት ነው የሚመጣው?»

ለግማሽ ሰዓት ያህል ነገራት። እናቱ ሆኜ ያን ሁሉ አልሰማሁም ነበር። ደሙን አስመረመረች። የሚያስርበውን፣ ያን የሚያስተኛውን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰችለት። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ግን ሥራው የሁላችሁም ነው» አለች። ጣፋጭ መጠጥ ከቤት ይውጣ፣ ቁርስ አይታለፍ፣ ማታ መርመላታው ከገበታ ይነሳ፣ በየቀኑ ይራመድ፤ ብቻውን ሳይሆን ቤተሰቡ አብሮት። «ደግሞ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ አይቀንስም፣ ጨውም አይተውም። ሲያስመልስህ ወይ ሲያስቀምጥህ በዚያው ቀን ደውልልኝ» ብላ ስልኳን ጻፈችለት።

እንግዲህ እኔም መራመድ ጀመርኩ። በዚህ ጉልበቴ! ጠዋት ጠዋት ወንዙን ይዘን እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን። ለቱርክ ነጋዴ በጆንያ የምንሸጠውን ቦሎቄ እኛው መብላት ጀመርን። ሳማት ሾርባውን እያየ «አርባ ዓመት ሙሉ ዘርቼሃለሁ፣ ሆዴ ትገባለህ ብዬ ግን አላሰብኩም» ሲል አርጌን ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ። ክብደቱ ሲወርድ ዝግ ብሎ ነው። ቦሎቄው ለአጨዳ ሲደርስ ሰማንያ ኪሎ ገብቶ ነበር። ቺናራ በስልክ «በዚሁ ቀጥሉ፣ አትቸኩሉ» አለችን። ያ በጋ ጥሩ ነበር። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ወደ አዳራሹም ተመለሰ። አዲሱ አሰልጣኝ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ሳያውቅ አንድ ቀን «አርጌን፣ ለመኸሩ ውድድር ሰባ አራት ላይ ሰው የለኝም። ምነው አንተ ብትሆንልኝ» አለው። ወደ ቤት ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሰባ ዘጠኝ ላይ ብትገባስ?» አልኩት። «እዚያ ሰው አለ እማ። የጠሩኝ ለሰባ አራት ነው።» ከተጠራ ስንት ጊዜው ነበር! አፌን ያዝኩ።

ስድስት ኪሎ እንዴት እንደሚወርድ ያውቅ ነበር፤ ከአንተ ተምሮታል። እኔ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ነበርኩ። ያደረጉትን ኋላ ሳማት ነው የነገረኝ፤ እንዳለ ልንገርህ። ልጁ የአይጃማልን የእንፋሎት ቤት ለምኖ፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ከላይ የላስቲክ ልብስ ለብሶ ገባ። እሳቱን የሚያነደው ሳማት ነበር።

«አባ፣ ኩባት አጋይ ያደርገን የነበረውን ነው» አለው፤ መምህሩ ነህና እስከ ዛሬ «አጋይ» ነው የሚልህ።

«የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደል?»

«ውሃ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ምን አለበት» አለና ሳማት እንጨት ጨመረ።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ውሃ ከንፈሩን ከማርጠብ አላለፈም። ጠርሙስ ውስጥ ምራቁን ሲተፋ ዓይቼ «ምን ሆንክ?» ብለው «ጥርሴን አሞኝ» አለኝ። የውድድሩ ዕለት ጠዋት አስመለሰው። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ፍርሃት ነው እማ፣ ድሮም ከውድድር በፊት እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ድሮም ያንቀጠቅጠው ነበር። ቆልፌለት ወጣን።

ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰባ አራት። ያ «ፈረስህን በላኸው» ያለው ልጅ ነው መጀመሪያ ሮጦ ያቀፈው። ትከሻቸው ላይ አወጡት። እሱ ግን በሰው መሐል እኔን ይፈልግ ነበር፤ ሲያገኘኝ እጁን አነሳልኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብነግርህ ታፍርብኛለህ። የሚመጣውን ሳላውቅ መደሰቴ ዛሬም አያሳፍረኝም፤ ልጄ ደስ ብሎት ነበርና።

ግጥሚያው ብዙ አልቆየም። ገና ሲጀመር ማንም ሳይነካው ተንገዳግዶ ወደቀ። ተነሳ። ዞረና ወደ ተጋጣሚው ወገን መራመድ ጀመረ። ከኋላዬ አንዱ «ቮድካውን ከሚዛን በኋላ ነው የጠጣው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ዳኛው ትከሻውን ይዞ ሲያነጋግረው አርጌን ሊመልስለት ሞከረ። ምላሱ እንደ ሰካራም ተሳሰረ። እየገፈታተርኩ ምንጣፉ ላይ ወጣሁ፤ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ሲያየኝ «እማ» ሊል ፈልጎ «ም… ም…» አለና እግሩ ከዳው።

እዚህ ሐኪም ቤት ስንደርስ በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገርኩ፤ ያን ስናገር ደግሞ ሁሉም ነገር በዚያው ተተረጎመ። «ተነስቶበት ነው» ብለው እጁንና እግሩን አሰሩት። ሳማትም «ተመለሰበት፣ ተመለሰበት» እያለ ግድግዳውን ይደበድባል። መድኃኒቱን አቋርጧል ወይ ሲሉኝ አላቋረጠም አልኩ። አላመኑኝም። ቺናራ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ውሃ ይጠጣ ነበር?»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሳማት ሰማት። በግድግዳው ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ» አለ። «እንጨቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ውሃው ከሰውነቱ ሲወጣ ሊቲየሙ አልወጣም ነበር። ደሙ ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ሆኖበት ነበር። ቺናራ ለተረኛው ሐኪም ራሷ ደውላ ነገረችው፤ ፈትተው ውሃ በደም ሥሩ ሰጡትና በአምቡላንስ ወደ ቢሽኬክ ላኩን። በኦትሞክ ስናልፍ በረዶ ጀምሮ ነበር። ልጁ ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኔን ግን አያየኝም። እዚያ ደሙን በኩላሊት እጥበት ማሽን አጠቡት። ለቀናት እንዲህ ሆኖ ተኛ፤ ከዚያ አንድ ቀን «እማ» አለኝ። ቃሉ ከአፉ የወጣው ተጎትቶ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚጠራኝ።

ሰው ሁሉ ልጁ መድኃኒቱን ይተዋል ብሎ ነበር የሚፈራው። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። እሱ ግን ራሱን ውሃ በከለከለባቸው ቀናት እንኳን ክኒኑን በምራቁ ይውጥ እንደነበር ነገረኝ። «ዳቦ ላይ ምያለሁ እኮ እማ» አለኝ። ኩባት ወንድሜ፣ ይህን ሲለኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አሁን ሌላ መድኃኒት ነው የሚወስደው፤ ረሃቡ እንደ ድሮው አይብስበትም። ሲናገር ቃሉ ይጎተታል። ሲራመድ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው፣ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቺናራ አልዋሸችንም፤ «ትንሽ ይሻለዋል፣ ሁሉም ግን ላይመለስ ይችላል» አለችን። ኪሎው ሰማንያ ሦስት ላይ ነው። እሱ እንደሆነ ሚዛን ላይ ሲወጣ አሁን ቁጥሩን አያየውም፤ እኔ ነኝ የማየው። ጠዋት ጠዋት ከሳማት ጋር ይራመዳሉ። ሳማት አብሮት እግሩን ይጎትታል፤ ልጁ ብቻውን የዘገየ እንዳይመስል ብሎ ይመስለኛል። ስለዚያ ቀን በመካከላቸው አንዲት ቃል ተነስታ አታውቅም። ስለዚህ ነው ሊጽፍልህ ያልቻለው።

አንድ ነገር ልንገርህና ይውጣልኝ። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ጠልቼህ ነበር። ስምህ ሲነሳ ከቤት እወጣ ነበር። «ኩባት አጋይ ያደርገን የነበረውን ነው» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብላኝ። ኋላ ሲበርድልኝ አሰብኩት። አንተም በልጅነትህ ያደረጉብህን ነው ያስተማርከው፤ ስታስተምረው ጤነኛ ልጅ ነበር፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ማንም አልነገረህም። ለአዲሱም አልነገርነውም። እኛ ደብቀን ማን ሊያውቅልን ነበር? አሁን ያን ያህል ቂም የለኝም። ጨርሶ የለም ብዬ ግን አልጽፍልህም፤ ሲነሳብኝ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። እዚያ ካሉህ ልጆች መሐል ድንገት የወፈረ፣ ድንገት የቀረ፣ ፈዘዝ ያለ ልጅ ካለ ለብቻው ጥራውና መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠይቀው። በሰው ፊት አይነግርህም። በመጀመሪያው ቀንም አይነግርህም። ደግመህ ጠይቀው። እስኪነግርህ ድረስ እንፋሎት ቤት እንዳታስገባው። ያ ልጅም እናት አለችው።

አርጌን መልእክትህን ሰምቶታል። አልደበቅንበትም። እስከ መጨረሻው ሰማና «ሳቁ አልተለወጠም» አለ። ከዚያ «ባያየኝ ይሻላል» አለ። ከቀናት በኋላ ደግሞ እህቱን ምን አላት መሰለህ፦ «ኩባት አጋይ ከመጣ በሩን እኔ ነኝ የምከፍትለት፤ አንቺ እንዳትቀድሚኝ።»

ስለዚህ ና። ለቦሎቄ አጨዳ ሰሞን ና፤ ሳማት አይጠራህም፣ ግን በር በሩን ያያል። ስትገባ ከንፈርህን እንዳትመጥ። ሲያወራህ ቃሉን ከአፉ አትንጠቀው፤ ታገሰው፣ ይደርሳል። ከጎንህ ሲቀመጥ ሻዩን አንተ ቅዳለት፤ ስኒውን አትሙላው። እኛ ዘንድ ለምናከብረው እንግዳ የምንቀዳውን ያህል፣ ከሥሩ ትንሽ ብቻ። እንዳይፈስበት ብለህ መሆኑን ማንም አያውቅም፤ እሱም እንደ ክብር ይቀበልሃል። ሲያልቅበት በሁለት እጁ ይዞ መልሶ ያቀርብልሃል። ያን ጊዜ ደግመህ ቅዳለት፤ እስኪበቃው ድረስ።

ሁሌም በራችን ክፍት ነው።

እህትህ ጁማጉል
ታላስ